ሞያ ያጣ ሾርባ

ድብልብል ሊጥ አሟሟቱ ሁለት ነው። ወይ ሾርባው ውስጥ ሟሙቶ ደብዛው ይጠፋል፣ ወይ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ድስት፣ ከአንድ ሊጥ ሁለቱንም ያገኘ ሰው ግን ከኔ በቀር በገዳሪፍ የለም፤ እስከ ከሰላና ኒው ሀልፋ ድረስ ቢፈለግም አይገኝም። ግማሹ ሟሙቶ ሾርባውን የግድግዳ ቀለም አስመሰለው። ግማሹ ከድስቱ ሥር ተቀምጦ በጭልፋ ስነካው ኳ ይላል። አንዱን አውጥቼ ለግቢው ድመት ወረወርኩላት። አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ግቢያችንን አልረገጠችም።

ይህን ሳወራ ሰው ይስቅልኛል። ያን ቀን ግን እኔ አልሳቅኩም። ሾርባው የተሠራው ለእትዬ ነበር፤ እትዬ ደግሞ እህል በአፏ ከዞረ ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

እትዬ እናቴ አይደለችም፤ አክስቴም አይደለችም። በረሃቡ ዘመን፣ የኔ ሰዎች መንገድ ላይ ቀርተው ብቻዬን ድንበሩን ስሻገር እጄን የያዘች ሴት ናት። ገዳሪፍ ስንደርስ ልትለቀኝ አስባ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን እጇን አልለቀቅኩም። ይኸው ሽበት አወጣሁ፣ ሚስት አገባሁ፣ አሁንም አልለቀቅኩም።

ኑሮዋ ሾርባ ነበር። ሰሊጥ ከሚጫረቱበት ገበያ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጆንያ ለሚሸከሙ ሰዎች የበሬ ሥጋ ሾርባ ትሸጥ ነበር። ዳቦ የጠፋበት አንድ ክረምት የፉርኖ ዱቄትን ከፈተሪታ፣ ከዚህ አገር ማሽላ ጋር ለወሰችና በመዳፏ እያድቦለቦለች የሚፈላው ሾርባ ውስጥ ጣለችው። ዳቦው ከመጣ በኋላም ሰዉ ድብልብሉን አልተው አለ። «የእትዬን ሾርባ አንድ ሳህን የጠጣ ሦስት ኩንታል ተሸክሞ ይሮጣል» ይባል ነበር። ይባል ነበር ማለቴ፣ የማስወራው እኔ ነበርኩ።

ገበያ ላይ ዓረብኛዋ ጎርፍ ነው፤ ከሱዳኖቹ ጋር ስትከራከር ሱዳኖቹ ራሳቸው ቃል ያጥራቸው ነበር። ቤት ስትገባ ግን ቋንቋውን ከጫማዋ ጋር በር ላይ ታወልቀዋለች። እኔን ሳላውቀው «ኸላስ» ካመለጠኝ ጭልፋዋን ታነሳለች። «እዚህ ቤት በቃ ነው የሚባለው! በል፣ በቃ በል!»

«በቃ።»

«እንዲያ ነው።»

ከአማርኛዋ ሁሉ የምትወዳት ቃል ደግሞ ሞያ ነበረች። ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ አይታ ሞያውን ከነዘር ማንዘሩ ትናገራለች። ለሷ የሰው ልጅ ሁለት ወገን ነው፤ ሞያ ያለውና እኔ። «አንተን ያገባች ሴት የሁለት ሰው ሞያ ነው የተሸከመችው» ስትለኝ ሚስቴ ትስቃለች፤ እኔ ከሁለቱም በላይ እስቃለሁ። ለምን አልስቅም? ያን ሁሉ ዓመት ድስት ሳልነካ የበላሁት በዚያ ቀልድ ነው።

የኔ ሥራ ምላስ ነው። በመኸር ሰሞን ከአገር ቤት የሚመጡትን ሰሊጥ አጫጆች ከባለ እርሻዎቹ ጋር በአስተርጓሚነት አገናኛለሁ። ባለ እርሻው ሲሳደብ እኔ ምርቃት አድርጌ አደርሳለሁ፤ አጫጁ ሲራገም «ዕድሜ ይስጥህ እያለ ነው» እላለሁ። በዚህ ዓይነት ስንት ጠብ እንዳበረድኩ እኔና ሰሊጡ እናውቃለን። አንዲት ቃል ከአንዱ አፍ ወጥታ ወደ ሌላው ጆሮ ስትሄድ መሀል ላይ ቁጭ ብዬ የማያት ሰው ነኝ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ታፍሩልኛላችሁ።

አንድ ጠዋት ከእትዬ እጅ ኩባያ ወደቀ። ላነሳላት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ፊቷ በአንድ ጎን ወርዷል። ቀኝ እጇ የሷ አይመስልም፣ ቀኝ እግሯም እንደዚያው። ሆስፒታል ወስጃት ጉልኮስ ተሰቅሎላት ሁለት ቀን ቆየች። ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሙ በእርጋታ አስረዳኝ፤ ጉሮሮዋም ደክሟል፣ ውሃና ሻይ የመሰለ ቀጭን ነገር ትን ይላታል፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ ነገር በማንኪያ ጫፍ፣ ቀስ ተብሎ። ሾርባ ጥሩ ነው አለ።

«ባትበላስ?» አልኩት።

እጁን ገለበጠው። እጅ መገልበጥ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሾርባ ሲባል በዚህ ቤት አንድ ሾርባ ነው ያለው። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ አልጋ ላይ ናት። ሌላዋ ሚስቴ፣ እናቷን ልትጠይቅ በመተማ በኩል ከተሻገረች በኋላ መንገዱ ተዘግቶባት ማዶ ቀርታለች። ስልኩም አንዴ ይሠራል አሥር ጊዜ አይሠራም። ያን ቀን በተአምር ገባልኝ።

«ስሚኝማ፣ ድብልብሉ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ማን? አንተ? ምድጃ ጋ ነህ?» ሳቀች። «እሳቱ ሌባ ገባ ብሎ አልጮኸብህም?»

«አትቀልጂ ሴትዮ፣ እትዬ ታማ አልበላ ብላለች።»

ሳቋ ቆመ። «እሺ፣ ስማኝ። የፉርኖ ዱቄት ሁለት እጅ፣ ፈተሪታ አንድ እጅ። ለብ ባለ ውሃ እሸው፣ ጨው ቁንጥር አድርግበት። ሾርባው ሲንተከተክ አንድ ባንድ ጣል። ሊጡን ግን አደራህን፣ እንዳት—»

ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ደወልኩ፤ የለም። «እንዳት» የምትባል የቃል ግማሽ እጄ ላይ ቀረች። እንዳታበዛው? እንዳታቀጥነው? እንዳታሳርፈው? እንዳትነካው? ሰው በሊጥ ላይ ሊሠራ የሚችለውን ጥፋት ሁሉ ዘረዘርኩ፤ ከዚያም በየተራ ፈጸምኩት። የመጀመሪያው ቀን ሾርባ እንዲያ ሆኖ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢሆንም ይዤላት ገባሁ። ትከሻዋን በትራስ ደግፌ፣ ከቀለሙ በማንኪያ ጫፍ አፏ ላይ አደረግኩ። ትንሽ ገባ፣ ብዙው በአገጯ ወረደ። ከዚያ ደህና የሆነው የአፏ ጎን ተንቀሳቀሰ።

«ሞ… ያ» አለች።

ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው! ስድብ መሆኑ እንኳ ትዝ ሳይለኝ ዘልዬ ግንባሯን ሳምኩ። አልሞተችም! በሽታው ያን ሁሉ ቋንቋ ጠርጎ ሲወስድ እኔን የምትሰድብበትን ቃል ትቶላታል።

«ሞያ የለውም ነው እትዬ?»

ዓይኗን ጨፈነች። አዎ ማለቷ ነው ብዬ ያዝኩ።

በማግሥቱ ሥጋ ሻጩ ዘንድ ሄጄ ቅልጥምና ጎድን አምጥቼ ከሰሉን አቀጣጠልኩ። ያን ጠዋት ሙሉ ከድስቱ አጠገብ አልተነሳሁም። አረፋውን ገፈፍኩ፤ ሽንኩርቱን ከተፍኩ፤ ያለቀስኩት በሽንኩርቱ ነው፣ ማንም ሌላ ነገር እንዳይላችሁ። ሊጡን አንዴ ብቻ አሽቼ ተውኩት፣ ድብልብሉንም የሽምብራ ፍሬ አሳከልኩት። ቅርጹን ይዞ ወጣ! ቀመስኩት፤ ይበላል። ጨው ጨመርኩበት፤ በደንብ ይበላል። ገና ሳልገባ ጉራዬን በበሩ ቀዳዳ ላክሁት። «እትዬ! የሞያ አባት መጣልሽ!»

አንድ ማንኪያ ተቀበለች። ፊቷ ተጨማደደ። «ሞያ።» ሁለተኛውን ስዘረጋ ከንፈሯን ገጠመች፤ ደህናውን እጇን አንስታ ማንኪያውን ገፋችው። ሾርባው አንሶላው ላይ ፈሰሰ። «ሞያ!» ደግሞ ዓይኗ እኔን አያይም፤ በሩን፣ በሩ ጋ ያለውን ጥግ ነው የሚያየው። ሚስቴን እየጠበቀች ነው አልኩ በሆዴ። የኔ እጅ ከሚያጎርሳት በሩን ማየት መረጠች።

እዚህ ላይ የተናገርኩትን ባልጽፈው በወደድኩ። «ሞያ ሞያ ትያለሽ፣ እንግዲያውስ ተነሺና ራስሽ ሥሪው!» አልኳት።

ለማትነሳ ሴት። በሷ ጭልፋ ላደግኩት።

በሩን አየች። እኔ አንሶላውን ቀይሬ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ያለውን ሳህን ሁሉ አጠብኩ፤ ንጹሑንም ጭምር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የውሃ ጋሪው በደጅ ሲያልፍ ሮጬ አስቆምኩና በርሜሌን አስሞላሁ። ገዳሪፍ ላይ ውሃ በቧንቧ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው፤ ሌላውን ቀን አህያዋ የምትስበውን ጋሪ፣ ካሮውን ነው የምንጠብቀው። ዚሩንም ሞላሁት። ዚር ማለት እንደ እንስራ ያለ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ውሃ ያቀዘቅዛል፣ የኛው ከእትዬ ክፍል በር ጥግ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ሥጋ ሻጩ ሮጥኩ። «ያ ሐበሺ፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?» አለኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ድንብላል፣ ኮረሪማ ጨመርኩ። ጣዕሙን ለማሳመር ጨዉንም ከትላንቱ ከፍ አደረግኩት። ሽታው መንደሩን ያዘ፤ ድመቲቷ እንኳ ይቅርታ አድርጋልኝ ተመለሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

አልቀበል አለች። ማንኪያው ከንፈሯ ላይ ሳይደርስ «ሞያ፣ ሞያ፣ ሞያ» እያለች ራሷን አዞረች። ድምፅዋ ከትላንቱ ቀጥኗል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እኔም አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ የሚያስቃት አንድ ታሪክ አለኝ፤ ባለ እርሻው አጫጁን «ሰነፍ አህያ» ሲለው እኔ «ሰነፍ አይደለህም፣ አህያህ የት አለች?» ብዬ ያስተረጎምኩበት። አወራሁላት። ጨረስኩ። ደግሜ አወራሁላት፤ ሁለተኛውን ጊዜ መሀሉ ላይ ተረሳኝ። እጇን ያዝኩ። ያኔ መንገድ ላይ ይዞኝ የነበረውን እጅ ይዤ፣ አንድ ሰው መጥቶ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ቢነግረኝ ብዬ ተመኘሁ።

እውነትም መጣች። ከግቢያችን ባለችው ክፍል የምትኖር ሱዳናዊት አለች፤ ጦርነቱ ከካርቱም አፈናቅሏት የመጣች። ሳምንቱን ዘመዶቿ ዘንድ ከሰላ ከተማ ሰንብታ ያን ከሰዓት መመለሷ ነው፤ ሻንጣዋን ደጅ ጥላ ገባች። እትዬን ሐጃ ነው የምትላት። እትዬ ክርስቲያን ናት፣ መካን ያየቻት በቀን መቁጠሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ግን ሐጃ ስትባል ደስ ስለሚላት አርማት አታውቅም።

«ሐጃ! ሐጃ፣ ምን ሆንሽብኝ?»

እትዬ አየቻት። «ሞያ።»

ጎረቤቴ ወደኔ ዞረች። «ታዲያ ለምን አትሰጣትም?» አለች በዓረብኛ።

«ምኑን?»

«የጠየቀችህን።»

እኔ በዓረብኛ ነው የመለስኩላት፤ ሞያን ግን ከነአማርኛዋ መሀል ላይ ሰነቀርኳት። «ሞያ ከየት አምጥቼ ልስጣት እህቴ? እኔ ስፈጠርም የለኝም!»

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ በጣቷ በር ጥግ ያለውን ማሰሮ አሳየችኝ።

«ከዚሩ ነዋ! አንተ ሰው፣ ደህና ነህ? ሞያ! ሞያ!»

ውሃ።

በሱዳን ዓረብኛ ሞያ ማለት ውሃ ነው። ይህን ገዳሪፍ ውስጥ የማያውቅ ፍየል የለም። እኔ ራሴ፣ ያንኑ ጠዋት፣ ካሮውን ለማስቆም «ሞያ! ሞያ!» እያልኩ በባዶ እግሬ መንገድ ለመንገድ ሮጫለሁ። በር ላይ ሞያ ብዬ ውሃዬን ቀድቼ፣ ገብቼ እሷ ሞያ ስትለኝ ሰደበችኝ ብዬ አኮርፋለሁ። በዚያ ቤት ዓረብኛ በር ላይ እንደሚወለቅ ያስተማረችኝ እሷው ናት፤ እኔም ለአንዴ ታዛዥ ልሁን ብዬ ታዘዝኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ለጠየቀችኝ ሴት እያደር ጨው የጨመርኩበት ሾርባ ሰጠኋት። በሩን ያየችው ሚስቴን ብላ አልነበረም። አስተርጓሚው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ጎረቤቴ ኩባያ ይዛ ስትቀዳ የሐኪሙ ነገር ትዝ አለኝ። «ቀስ! ትን ይላታል!» ብዬ ሳልጨርስ እትዬ ኩባያውን በደህና እጇ ይዛ ጎትታ ጎነጨች። ወዲያው ሳል ያዛት። ደም ሥሯ ተገተረ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ሁለታችን አቅንተን ይዘናት ጀርባዋን ስንመታ ዘመን የሚያህል ጊዜ ቆየ። ስትተነፍስ እንባዋ እየወረደ ኩባያውን ታየዋለች።

ካለማወቅ የከፋ ነገር አገኘሁ፤ የምትፈልገውን አወቅኩ፣ ልሰጣት ግን አልችልም።

ጎረቤቴ የንጹሕ ጨርቅ ጫፍ አርሳ ከንፈሯን ታብስላት ጀመር። እትዬ ጨርቁን እንደ ሕፃን ትጠባዋለች። እኔ ማየት ስላልቻልኩ ወደ ምድጃው ወጣሁ፣ ድስቴን ከፈትኩ። ድብልብሎቹ ሾርባውን ጠጥተውት አብጠዋል፤ ጠዋት የሽምብራ ፍሬ ያህል የጣልኳቸው አሁን እንቁላል ሊያህሉ ምንም አልቀራቸው። እሺ፣ የእርግብ እንቁላል። አንዱን በማንኪያ ጫን ስለው ፈሳሹን ሰጠኝ። ሁለተኛውንም ተጫንኩት፤ ሰጠኝ።

የቀረችኝን ሊጥ አመጣሁ። ጨው ያልነካው ውሃ አፈላሁና አላልቼ አድቦልብዬ ቀቀልኳት። ከዚያ ከዚሩ ቀድቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳት። ጠጥታ ጠጥታ እስክትንቀጠቀጥ ጠበቅኩ። ሥጋ የላት፣ ቅመም የላት፣ ሽንኩርት የላት። እትዬ ጤነኛ ብትሆን በዚያች ድብልብል ምክንያት ከቤት ታስወጣኝ ነበር።

ከአልጋው ጎን ተንበርክኬ የአንዷን ድብልብል ግማሽ በማንኪያ አቀረብኩ።

«ሞያ ነው እትዬ» አልኳት።

አፏን ከፈተች። በምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጫነቻት፤ ጉሮሮዋ ወጣ፣ ወረደ። እኔም ጎረቤቴም ሳሉን ጠበቅን። አልመጣም። ሌላውን ግማሽ ወሰደች። ከሁለተኛዋም ግማሽ ወሰደችና ደክሟት ተኛች። አንድ ተኩል ድብልብል፤ ይኸው ነው። ያን ግሩም ሾርባ እኔና ጎረቤቴ በላነው፤ ሳህን ላይ እየተንጠባጠበ ያስቸገረን እንባ የማንኛችን እንደሆነ አልተጠያየቅንም። ድመቲቷ ቅልጥሙን ወሰደች።

ከሳምንት በኋላ ስልኩ ገባ። የሆነውን ሁሉ ለሚስቴ ነገርኳትና መጨረሻ ላይ ጠየቅኳት።

«ያኔ ሲቋረጥብን ሊጡን እንዳት… ያልሽው ምን ልትዪኝ ነበር?»

«እንዳት… እኔ እንጃ። ረሳሁት።»

«ረሳሁት?!»

«አንተዬ፣ ብቻ እንዳት…» አለችና ደግሞ ተቋረጠ።

ይኸው አሁንም መንገዱ አልተከፈተም። እትዬም አልተነሳችም። በየቀኑ ውሃ የጠጣ ድብልብል እሠራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ትወስዳለች፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። ሐኪሙ ቀጥሉበት አለ፤ እጁን ግን ገልብጦ አላሳየኝም፣ ቀና አድርጎም አላሳየኝም። ቃሏም ያችው አንዷ ናት።

ትላንት ጠዋት ሁለት ዋጠችና አየችኝ። «ሞያ።»

እርጥቡን ጨርቅ አቀረብኩ። ከንፈሯን ገጠመች። ማንኪያውን አቀረብኩ። ገጠመች። በአንድ እጄ ጨርቅ፣ በአንድ እጄ ማንኪያ ይዤ ቆምኩ።

«ሞያ» አለች ደግማ። ደህናው የአፏ ጎን ትንሽ ወደ ላይ ተነሳ፤ ወይም የመስኮቱ ብርሃን ነው።

ጎረቤቴን ጠራኋት። መጥታ ጆሮዋን አስጠጋች፤ እትዬ ለሷም ደገመችላት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ይቺኛዋ የኛ አይደለችም» አለችኝ። «የናንተ ናት።»

የኛ ከሆነች ደግሞ ወይ ሞያ አለህ ማለት ነው፣ ወይ የለህም።

«የትኛው ነው እትዬ?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች።